ገበያ ቀን፣ ተራና ሚዛን አለው፤ ዕቅድና የብዙኃን አስተዋጽኦ በክፍት ሶፍትዌር ሥራዎች

የሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴ አንድ ሥራ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሁለት ሐሳቦች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንዱ ወገን «ዕቅዱ አስቀድሞ ተሟልቶ ይጻፍ፤ ምእመናንም በተጻፈው መሠረት ይርዱ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «በሩን እንክፈት፤ ሁሉም የቻለውን ያምጣ፤ የመጣውን ይዘን እንሠራለን» ይላል። የመጀመሪያው መንገድ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ሕዝቡ ሥራውን የኮሚቴው አድርጎ ያየዋል፤ እጁንም ይሰበስባል። ሁለተኛው ከልክ በላይ ሲላላ ደግሞ አሸዋ በተከመረበት ቦታ ሲሚንቶ ይጠፋል፤ አምስት ሰው አንዱን ሥራ ሲሻማ ዋናው ሥራ ባለቤት ያጣል።

በዚህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሲፈተኑ የኖሩ ማኅበረሰቦች አሉ። እነርሱም «ክፍት ምንጭ» ወይም በተለምዶ «ኦፕን ሶርስ» በሚባለው መንገድ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሥራቸው ከአጥቢያችን የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ከምእመናን ብዙዎች በኪሳቸው የያዙት የአንድሮይድ ስልክ የተመሠረተው በእነርሱ የጋራ ድካም ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልምዳቸውን እናብራራለን፤ በመጨረሻም ለኮሚቴዎቻችን የሚጠቅመውን ለይተን እናቀርባለን።

ክፍት ሶፍትዌር ሲባል ምን ማለት ነው?

ማንኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም በመጀመሪያ ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ይህን ጽሑፍ ይሰውሩታል፤ ተጠቃሚው የሚያገኘው ተዘጋጅቶ ያለቀውን ፕሮግራም ብቻ ነው። በክፍት ሶፍትዌር ግን ጽሑፉ ለሁሉም የተገለጠ ነው። ማንም ሰው በፈቃድ ውሉ መሠረት ሊያነበው፣ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያስተላልፈው ይችላል። ስሕተት ያገኘ ሰው ማስተካከያውን ጽፎ ይልካል፤ ሥራውን በኃላፊነት የሚጠብቁት ሰዎችም መርምረው ይቀበሉታል ወይም ይመልሱታል።

ከአበርካቾቹ አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሏቸው ሲሆኑ ሌሎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው። ሥራውን የሚመራው ሰው ግን አብዛኞቹን አይቀጥርም፣ አያዝዝም፣ አያሰናብትም። ነገ ማን እንደሚመጣ፣ ምንስ ይዞ እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ «የማናዝዘውን ጉልበት እንዴት ማቀድ ይቻላል?» የሚለው ጥያቄ በየዕለቱ ይገጥመዋል። በምእመናን ፈቃደኝነት ላይ የቆመ የልማት ኮሚቴም ይህን ጥያቄ አሳምሮ ያውቀዋል።

ካቴድራሉና ገበያው

እ.ኤ.አ. በ1997 ኤሪክ ሬይመንድ የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ «ካቴድራሉና ገበያው» የሚል ጽሑፍ አቀረበ። በእርሱ ምሳሌ «ካቴድራል» ጥቂት ጠበብት ከሌላው ተለይተው በጥንቃቄ የሚያንጹት፣ ሲፈጸም ብቻ የሚገለጥ ሥራ ነው። «ገበያ» ደግሞ ገና በጅምሩ ለሁሉም ተገልጦ ብዙዎች እየገቡና እየወጡ የሚሠሩት ነው። ምሳሌው በዘርፉ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ሆኗል።

የሁለት ሥራዎች ታሪክ ይህን ልዩነት ያስረዳል። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ያስታወቀው የግኑ ፕሮጀክት ለአንድ ኮምፒውተር የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ሲያሟላ ቆይቶ በ1990 «ኸርድ» የተባለውን ከርነል ጀመረ። ከርነል ሌሎቹን ፕሮግራሞች ከኮምፒውተሩ አካላት ጋር የሚያገናኝ የሥርዓቱ እምብርት ነው። የኸርድ ንድፍ የተራቀቀ ነበር፤ ሥራው ግን ተጓተተ፤ እስከ ዛሬም ቁጥር 1.0 የሚል እትም አልወጣለትም። በ1991 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ገና ትንሽና ጎዶሎ የነበረ ከርነል ለሁሉም ገለጠ። ብዙዎች እያረሙና እየጨመሩበት በ1994 እትም 1.0 ላይ ደረሰ። ዛሬ ሊኑክስ የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ ታሪክ «ዕቅድ ይቅር፤ በሩን መክፈት ብቻ ይበቃል» የሚል ትምህርት የወሰዱ ጥቂቶች አይደሉም። እኛ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ እናየዋለን። የአገራችንን ገበያ የሚያውቅ ሰው ገበያ ሥርዓት እንዳለው ያውቃል። ገበያ ቀን አለው፤ ቅዳሜ የሚቆመውን ገበያ ማክሰኞ ቢሄዱበት ባዶ ሜዳ ነው። ገበያ ተራ አለው፤ የእህሉ፣ የቅቤውና የከብቱ ተራ ለየብቻ ነው። ገበያ ሚዛን አለው፤ ሻጭና ገዢ በታወቀ መስፈሪያ ይገበያያሉ። ማን ምን እንደሚያመጣ የሚወስን የለም፤ የመጣው ነገር መቼ፣ የትና በምን እንደሚታይ ግን ለሁሉም የታወቀ ነው። ለብዙ ዓመታት የዘለቁት የክፍት ሶፍትዌር ሥራዎችም በእነዚህ ሦስት ነገሮች የቆሙ ናቸው።

ቀን፦ የመቀበያና የመዝጊያ ጊዜ

ሊኑክስ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ሳምንታት አንድ ጊዜ አዲስ እትም ያወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አዳዲስ ሥራዎች ይገባሉ። ሁለቱ ሳምንታት ሲፈጸሙ በሩ ይዘጋል፤ በቀሪዎቹ ሳምንታት የሚገባው የስሕተት እርማት ብቻ ሲሆን በየሳምንቱ አንድ የሙከራ እትም ይወጣል። በእያንዳንዱ ዙር ከሺህ በላይ ሰዎች ይሳተፋሉ። ሆኖም በሚቀጥለው ዙር ምን ምን እንደሚጨመር አስቀድሞ የሚደነግግ ማእከላዊ ዝርዝር የለም። ዕቅዱ የሚመጣውን ነገር ለአበርካቹ ትቶ የሚመጣበትን ጊዜ ይወስናል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በዘገየው ሰው ላይ ነው። ሥራው ያልደረሰለት አበርካች ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በሚቀጥለው ዙር ያቀርባል፤ የቀረበት ነገር የለም። ቀኑ የታወቀ ባይሆን ኖሮ ግን «ይህችን ብቻ ጨምሩልኝ» የሚለው ልመና አያባራም ነበር። የተዘጋጀውም ሥራ ያልተዘጋጀውን ሲጠብቅ ይውል ነበር።

ቀን አለመቁረጥ የሚያስከትለውን ችግር ደቢያን የተባለው ሥራ በተግባር አይቶታል። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረና በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያዘጋጁበት ፕሮጀክት ነው። «ሲዘጋጅ ይወጣል» የሚል የቆየ ልማድ ነበረው። በሐምሌ 2002 አንድ እትም ከወጣ በኋላ የሚቀጥለው የወጣው በሰኔ 2005 ነበር፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የረጋውን እትም የሚጠቀሙ ሰዎች ያረጁ ፕሮግራሞችን ይዘው ለመቆየት ተገደዱ። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ነገር መቀበል የሚቆምበት ቀን አስቀድሞ እየተነገረ በሁለት ዓመት ገደማ አንድ እትም ሲወጣ ቆይቷል። ልማዱም ጨርሶ አልተተወም። የመዝጊያው ቀን ይቆረጣል፤ የመጨረሻው እትም የሚወጣው ግን ዋና ዋና ስሕተቶች ሲታረሙ ነው። በዚህም ጥራትና ቀጠሮ አብረው መኖር ችለዋል።

ተራ፦ ለእያንዳንዱ ሥራ የታወቀ ተቀባይ

በሩ መከፈቱ ብቻውን አይበቃም፤ የመጣው ሰው ተቀባይ ሊያገኝ ይገባዋል። በ1990ዎቹ ለሊኑክስ የሚላከው ማስተካከያ ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው በአንድ ሰው፣ በቶርቫልድስ እጅ ነበር። በ1998 ከተላኩት ብዙዎቹ መልስ ሳያገኙ ይቀሩ ስለነበር በአበርካቾች መካከል ከባድ ክርክር ተነሣ። የሚሠራ ሰው አልጠፋም ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጠባብ በር መግባቱ ነበር ችግሩ።

መፍትሔው ተራ ማበጀት ሆነ። ዛሬ ከሊኑክስ ጽሑፍ ጋር አብሮ የሚኖር አንድ መዝገብ አለ፤ እያንዳንዱ ክፍል በማን እንደሚጠበቅ ይዘረዝራል። ማስተካከያ ያለው ሰው በቅድሚያ ለዚያ ክፍል ጠባቂ ይልካል። ጠባቂው መርምሮ የተቀበለውን ሰብስቦ ወደ ላይ ያስተላልፋል። ቶርቫልድስ ደግሞ በ2005 «ጊት» የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ይህም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠና ስለምን እንደለወጠ ሁሉ የሚመዘግብ ነው። ከዚያ በኋላ ጊት ከሊኑክስ አልፎ ለዘርፉ ሁሉ መሣሪያ ሆነ።

ተራ ለአዲስ መጪዎችም ይዘጋጃል። ብዙ ፕሮጀክቶች ካሉባቸው ችግሮች ውስጥ ቀለል ያሉትን ለይተው «ለጀማሪ የሚሆን» የሚል ምልክት ያደርጉባቸዋል። በዚህም ሥራው ምን እንደሚሻ ያልገባው ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። «ማንም ሊረዳን ይችላል» የሚል አጠቃላይ ጥሪ ሰውን ያስደስታል እንጂ አያሠራም፤ «ይህን ሥራ የሚወስድ ሰው እንፈልጋለን፤ ተቀባዩም እገሌ ነው» የሚል ጥሪ ግን እጅና እግር አለው።

ሚዛን፦ የሚገባውና የማይገባው በምን እንደሚለይ

በሊኑክስ ዘንድ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፦ ማንኛውም ለውጥ ተጠቃሚዎች ቀድሞ የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ሥራ ማስቆም የለበትም። ሕጉ የላኪውን ማንነት አይመለከትም፤ በታላቅ ኩባንያ መሐንዲስና በአንድ ተማሪ ላይ እኩል ይሠራል። ሚዛኑ አስቀድሞ ስለታወቀ ሥራው የተመለሰበት ሰው እንደ ጥላቻ አይቆጥረውም።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማኅበረሰብም ከ2000 ጀምሮ ትልልቅ ሐሳቦችን በተወሰነ የጽሑፍ መልክ ይቀበላል። አቅራቢው ለውጡ ስለምን እንደሚያስፈልግ፣ ምን ተቃውሞ እንደቀረበበትና የትኞቹ አማራጮች እንዳልተመረጡ ይጽፋል። ሐሳቡ ውድቅ ቢሆን እንኳ ጽሑፉ ከነምክንያቱ ይቀመጣል፤ ያው ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ቢነሣ ክርክሩ ከዜሮ አይጀምርም። በሐምሌ 2018 የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በአንድ ሐሳብ ላይ ከተነሣ መራራ ክርክር በኋላ ከመሪነቱ ራሱን አገለለ። ማኅበረሰቡ ተወያይቶ ከ2019 ጀምሮ አምስት አባላት ባሉት የተመረጠ ጉባኤ መመራት ጀመረ። ሚዛኑ በጽሑፍ የነበረ በመሆኑ መሪው ቢለወጥም ሥራው አልቆመም።

ከሊቃውንቶቻችን ሙያ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሌላ ምሳሌም አለ። ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት እያንዳንዳቸውን በመለያ ቁጥር የሚመዘግብ ደረጃ ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው እትም 3.0 ገባ። በ2005 በወጣው እትም 4.1 ደግሞ ዐሥር የዜማ ምልክቶች ተመዘገቡ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዩኒኮድ ራሱ ሶፍትዌር ባይሆንም አሠራሩ ከያዝነው ጉዳይ ጋር አንድ ነው። ማንም ሰው ማስረጃ አያይዞ አዲስ ምልክት እንዲመዘገብ መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን አንድ ምልክት አንዴ ከተመዘገበ አይሰረዝም፤ ስሙም አይለወጥም። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ብርቱ ምርመራ ይደረግበታል። በሩ ሰፊ፣ ሚዛኑም ጥብቅ በመሆኑ፣ እንደ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ያሉ በነጻ የሚታደሉ ፎንቶች በዚህ ደረጃ ላይ ተመሥርተው ተሠርተዋል፤ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈው ግእዝም በሌላው ሳይዛባ ይነበባል።

ጠባቂው ሲደክም

ቀን፣ ተራና ሚዛን ተሟልተው ሳለ ጠባቂው ብቻውን ከቀረ ሥራው አደጋ ላይ ነው። ይህን በ2024 የታየው የ«ኤክስ ዜድ» ጉዳይ በግልጽ አሳይቷል። ኤክስ ዜድ የፋይሎችን መጠን አጭቆ የሚያሳንስ፣ እጅግ ብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለዓመታት በዋናነት ሲጠብቀው የኖረው ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ ፈቃደኛ ነበር። በ2022 «ሥራው ዘገየ፤ ለሌላ አስረክብ» የሚሉ ግፊቶች በረቱበት። እርሱም ዐቅሙ ውስን እንደሆነ፣ የአእምሮ ጤናው እንደተጎዳና ሥራው ክፍያ የሌለው መሆኑን በግልጽ ተናገረ። በዚያው ወቅት በሐሰተኛ ስም የተሰወረ አንድ ሰው ትጉህ ረዳት መስሎ ጠቃሚ ማስተካከያዎችን ያቀርብ ነበር። ቀስ በቀስ ታመነ፤ የጠባቂነት ሥልጣንም ተሰጠው።

በ2024 መጀመሪያ በወጡት ሁለት እትሞች ውስጥ ይህ ሰው ለራሱ ስውር መግቢያ አስቀመጠ። ተንኮሉን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ያኖረው ሁሉም በሚያየው የጋራ መዝገብ ውስጥ አልነበረም፤ ለአገልግሎት ተጠቅልሎ በሚታደለው ፋይል ውስጥ ነበር እንጂ። በመጋቢት 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚደረገው ግንኙነት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ምክንያቱን ሲከታተል ተንኮሉን ደረሰበትና ለሁሉም አስታወቀ። ሥራው ክፍት ባይሆን ኖሮ ውስጡን ዘልቆ ለመመርመር ባልቻለም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን በክፍትነት ላይ ማሳበብ አይገባም። የድካሙ ምንጭ ብዙዎች የሚጠቀሙበትን በር አንድ የደከመ ሰው ብቻውን እንዲጠብቅ መተዉ ነው።

ክፍትነትም ልክ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። የሊኑክስ ጠባቂዎች አደገኛ የደኅንነት ክፍተት ሲነገራቸው ማስተካከያው እስኪዘጋጅ ድረስ ለአጭር ጊዜ በጥቂት ሰዎች መካከል ይይዙታል፤ ከዚያም ይገልጡታል። የሚዘጋው ነገር ትንሽ፣ ምክንያቱ የታወቀ፣ ጊዜውም አጭር ከሆነ መተማመንን አያፈርስም።

ለኮሚቴዎቻችን የሚሆነው

ከዚህ ሁሉ የምናገኘውን ትምህርት በአንድ ምሳሌ እናሳይ። አንድ አጥቢያ ምንጭ ለማጎልበት ተነሣ እንበል። ኮሚቴው ዕቅዱን በሁለት ክፍል ይጻፈው። የመጀመሪያው ክፍል የማይለወጠውን ይያዝ፤ ይኸውም የሥራው ዓላማ፣ መሐንዲሱ የሰጠው ንድፍ፣ የውኃው ንጽሕና የሚጠበቅበት መንገድና የገንዘብ አያያዝ ነው። ሁለተኛው ክፍል ለሁሉም ክፍት የሆነውን ይዘርዝር፤ ይኸውም ቁፋሮ፣ ድንጋይና አሸዋ ማቅረብ፣ ቧንቧ መግዛት፣ አጥር ማጠር፣ ለሠራተኞች ምግብ ማዘጋጀት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሲደባለቁ ሰው ስለ ንድፉ ሲከራከር ይውላል፤ አሸዋውን የሚያመጣ ግን አይገኝም።

ቀጥሎ ቀን ይቆረጥ። ቁሳቁስ የሚሰበሰብበት የመጨረሻ ቀን በዐውደ ምሕረት ይነገር። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስጦታ አይጣል፤ ለቀጣዩ ሥራ ተመዝግቦ ይቆይ። ተራም ይበጅ፤ ለድንጋዩ፣ ለቧንቧው፣ ለጉልበቱ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ይሰየም፤ ስሙም በሰበካ ጉባኤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። «ልርዳ» ብሎ የመጣ ሰው በቁርጥ ቀን መልስ ያግኝ። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ሌላ ነገር ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ዝም የተባለው ግን ቅር ብሎት ይቀራል።

ሚዛኑ ደግሞ ስጦታው ከመምጣቱ በፊት ይነገር። ኮሚቴው የሚፈልገውን የቧንቧ ስፋትና ዓይነት አስቀድሞ ካላስታወቀ፣ አንድ ምእመን ከልፋቱ ቆጥቦ ልኩ የማይገጥም ቧንቧ ገዝቶ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ መቀበሉ ሥራውን ያበላሻል፤ መመለሱም ሰውዬውን ያሳዝናል። ጥፋቱ ግን ከሁለቱ ቀድሞ የተፈጸመው ልኩ ሳይነገር በቀረበት ዕለት ነው። ሳይጸድቁ የቀሩ ሐሳቦችም ከነምክንያታቸው በቃለ ጉባኤ ይቀመጡ፤ የሚተካው ኮሚቴ ይጠቀምባቸዋል።

በመጨረሻም ጠባቂዎቹ ይጠበቁ። በየአጥቢያው ቁልፉን፣ መዝገቡንና የስልክ ጥሪውን ሁሉ ብቻቸውን የተሸከሙ ሰዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ኃላፊ ምክትል ይመደብ፤ የአገልግሎት ዘመኑ ይወሰን፤ ርክክቡም በችኮላ ሳይሆን አብሮ በመሥራት ይሁን። አዲስ ረዳት ሲመጣ በደስታ እንቀበለው፤ ገንዘብና ቁልፍ የሚያዝበትን ኃላፊነት ግን ለአንድ ሰው ብቻ አንስጥ፤ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። ይህ ማንንም መጠርጠር አይደለም፤ የተሸከመውንም የሚረከበውንም ከፈተና የሚጠብቅ ሥርዓት ነው።

የሚቀጥለውን የሥራ ዕቅድ የምታዘጋጁ ኮሚቴዎች ረቂቁን ለሰበካ ጉባኤው ከማቅረባችሁ በፊት አራት ነገሮችን እንድትመረምሩ እንጠይቃለን፦ የመቀበያውና የመዝጊያው ቀን ተጽፏልን? ለእያንዳንዱ ክፍት ሥራ ተቀባይ ተሰይሟልን? ምን እንደምንቀበልና ምን እንደማንቀበል አስቀድሞ ተነግሯልን? ተቀባዩ ቢታመም ወይም ቢደክም የሚተካው ማን ነው? እነዚህ አራቱ ከተመለሱ የቀረውን ሕዝቡ ይዞት ይመጣል።